ዳሽቦርዱ የሚያውቀውና የሚገምተው

(በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፣ ለብላክ ካር ማለትም በቀጠሮ ደንበኛ ለሚያመላልስ የቅንጦት መኪና አሽከርካሪዎች ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። እሑድ ከሰዓት ስንት የሚሠራ ነገር እያለ ስለ ዳሽቦርድ ለመስማት መምጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። ባለቤቴ ርእሱን ስነግራት «ሰው ይመጣል ብለህ ነው?» ብላኝ ነበር። ፎቶ አንሥቼ እልክላታለሁ።

ከራሴ ጉድ ልነሣ። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከዲሲ መሀል አንድ ደንበኛ አሳፍሬ ወደ ባልቲሞር አውሮፕላን ማረፊያ ልሄድ ስል ዳሽቦርዱ «52 ማይል» ይላል። በቀረው ነዳጅ 52 ማይል ትሄዳለህ ማለቱ ነው። መንገዱ ከ35 አይበልጥም፤ ስመለስ እቀዳለሁ ብዬ ወጣሁ። ከፊት አደጋ ደርሶ ኖሮ መኪናው ሁሉ ተገጥግጦ ቆሟል። የኦገስት ሙቀት ነው፣ ኤሲው በኃይል ይነፍሳል፣ እኛ ጋት በጋት እንላለን። 52 የነበረው 40 ሆነ፤ 40ው 24 ሆነ፤ የሄድነው ግን አሥር ማይል ቢሞላ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ቁጥሩ ጠፋና ነዳጅ የምትቀዳ የመኪና ሥዕል ብቻ ቀረች። በመጀመሪያው መውጫ ወርጄ ስቀዳ ደንበኛዬ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በረራው አመለጠው።

ያን ቀን መኪናው ዋሸኝ ብዬ ነበር የተናደድኩት። አልዋሸም። እኔ ነኝ ግምትን እንደ ምስክርነት የተቀበልኩት።

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። ዳሽቦርድ ላይ የምታዩት ቁጥር ሦስት ዓይነት ነው፤ መኪናው የለካው፣ መኪናው ያሰላው፣ መኪናው የገመተው። ክፋቱ፣ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ፊደልና በአንድ ዓይነት ድምቀት ነው የሚጻፉት። «ይህን አውቃለሁ፣ ይህን ግን እንጃ» የሚል ዳሽቦርድ እስካሁን አላየሁም። መኪናው በተወደደ ቁጥር ደግሞ ስክሪኑ ያምራል፣ ሲያምር ይታመናል።

ዳሽቦርድ የሚለው ቃል ራሱ ከጋሪ ነው የመጣው። ፈረሱ በኮቴው የሚረጨው ጭቃ ነጂው ላይ እንዳያርፍ ከፊት ለፊት የሚቆም ሳንቃ ነበር። ምንም አይናገርም፣ ጭቃ ብቻ ይመልሳል። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ቮልስን እናውቃለን፤ ፊቷ ላይ አንድ ክብ ሰዓት ነገር፣ በቃ። የጥንቶቹ ቮልሶች የነዳጅ ጌጅ እንኳ አልነበራቸውም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ነጂው መክፈቻዋን አዙሮ መጠባበቂያውን ነዳጅ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስበው ማደያ ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ አብዛኞቻችን እንጀራችንን የጀመርነው በሊንከን ታውን ካር ነው። በ2011 ማምረታቸውን ሲያቆሙ ያዘኑ እዚህ መኖራቸውን አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ለዛሬ በምሳሌነት የምወስደው በ2013 የወጣውን የመርሴዲስ ኤስ ክላስ ነው፤ ብዙዎቻችሁ የነዳችሁት ስለሆነ። እያንዳንዳቸው 12.3 ኢንች የሆኑ ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። መኪናው ውስጥ የድሮው ባለ ክር አምፖል አንድም የለም፤ ሁሉም ኤልኢዲ ነው። እና አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የፍጥነቱ መርፌ መርፌ አይደለም፣ ሥዕል ነው። በድሮ መኪና ከማርሽ ሳጥኑ የተነሣ ገመድ ነበር መርፌውን የሚያዞረው። አሁን ኮምፒውተሩ አስቦ፣ አጣርቶ፣ አለስልሶ ነው የሚስልላችሁ። የምታዩት መኪናውን ሳይሆን መኪናው ስለ ራሱ የሚያወራውን ነው።

ከተለካው እንጀምር። ፍጥነት የሚመጣው እያንዳንዱ ጎማ ላይ ካለው ሴንሰር ነው፤ ጎማው በሰከንድ ስንት ጊዜ ዞረ የሚለውን ይቆጥራል። ስለዚህ ጎማው ሲያልቅ፣ ወይም መጠኑ ሌላ የሆነ ጎማ ሲገባ፣ ቁጥሩም አብሮ ይዛባል። የአውሮፓ ደንብ የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ወደ ላይ ግን እስከ 10 በመቶ ሲደመር በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል። ፋብሪካዎቹም ለጥንቃቄ ከፍ አድርገው ነው የሚሠሩት። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ 68 ሲል መኪናው 70 የሚለው ለዚህ ነው። አያችሁ፣ «የተለካ» ያልነው እንኳ ትንሽ ሥጋት ተጨምሮበታል።

የውጭ ሙቀትም ይለካል፤ የሚለካው ግን መከላከያው አካባቢ ያለውን አየር ነው። ቆማችሁ ስትጠብቁ የራሱ ሞተር ያሞቀዋል፣ መንገድ ስትጀምሩም ቶሎ አይስተካከልም። የአየሩ ሙቀት የአስፋልቱ ሙቀት አይደለም። በጥር ንጋት ላይ 36 ፋራናይት (ውሃ በረዶ ከሚሆንበት ትንሽ ከፍ ያለ) አሳየኝ ብሎ ድልድይ ላይ የሚበር ሰው አለ፤ ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ በረዶ ይይዛል።

ራዲያተርን በተመለከተ አንድ አባታችን ከመጀመራችን በፊት ጠይቀውኛል። መርፌው ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ዳር ይዘው እንደሚያቆሙ ነገሩኝ። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገር ቤት ስንነዳ ራዲያተር መፍላት የየዕለት ጉዳይ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ከከፍታው የተነሣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳን የሌለው ወይም ክዳኑ የላላ ራዲያተር እዚያ ቶሎ ነው የሚንተከተከው። የዛሬው መኪና ግን ጸረ በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ በግፊት ታምቆ ነው የሚዞረው። የመርሴዲስ መመሪያ ራሱ፣ ፈሳሹ በልኩ ካለ ሙቀቱ እስከ 120 ዲግሪ ቢወጣ ደህና ነው ይላል። የሚያስቆማችሁ ቀይ መልእክት ነው። ቆማችሁም ክዳኑን እንዳትነኩት፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ያ ሁሉ ፈሳሽ እንፋሎት ሆኖ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወጣው።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2007 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ቀላል መኪና ሁሉ የጎማ ነፋስ ማስጠንቀቂያ አለው። ሕጉ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ግን ነፋሱ በበሩ ጠርዝ ላይ ከተጻፈው ልክ 25 በመቶ ሲወርድ ነው። 36 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ የሚለካበት የግፊት መለኪያ) መሆን ያለበት ጎማ 27 እስኪደርስ መብራቱ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። 29 ላይ ሆናችሁ፣ ጎማው ጠርዙን እየተበላ፣ ነዳጅም እየበላ፣ «መብራት የለም» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። የመብራት አለመኖር የጤና ወረቀት አይደለም። ሙቀት በ10 ፋራናይት በወረደ ቁጥር ደግሞ ነፋሱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል፤ በሴፕቴምበር የሞላችሁት ጎማ በጃንዋሪ ውርጭ 5 ያህል ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ኤስ ክላሱ የአራቱንም ጎማ ቁጥር ለየብቻ ያሳያል፤ ጥቂት ደቂቃ ከተነዳ በኋላ ነው የሚመጣው። በሳምንት አንዴ ግቡና እዩት።

አሁን ወደ ተሰላው እንምጣ፤ ለሥራችን ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው።

መሪው ላይ ባሉት ቀስቶች «ትሪፕ» የሚለውን ስትመርጡ ሁለት ገጽ ታገኛላችሁ፤ «ፍሮም ስታርት» እና «ፍሮም ሪሴት»። የመጀመሪያው የዛሬው ጉዞ ነው። መኪናው ከአራት ሰዓት በላይ ጠፍቶ ከቆየ ራሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከአራት ሰዓት በታች ከሆነ ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ምሳ በልታችሁ ስትነሡ የምታዩት የጠዋቱን ጨምሮ ነው። ሁለተኛው እናንተ ዜሮ ካደረጋችሁት ቀን ጀምሮ ያለው ነው፤ አንዳንድ መኪና ላይ ከቀድሞው ባለቤት ጀምሮ ያለው። ሁለቱም ርቀት፣ ሰዓት፣ አማካይ ፍጥነትና አማካይ የነዳጅ ፍጆታ ይሰጧችኋል።

ሁሉም ሰው ፍጆታውን አይቶ ያልፋል። እኔ አስቀድሜ የማየው አማካይ ፍጥነቱን ነው። እኔ ስነዳው የነበረ መኪና ላይ 412 ሰዓት፣ 7,416 ማይል፣ አማካይ ፍጥነት 18 ማይል ይል ነበር። አስተውሉ፣ ሀይዌይ ላይ በ65 የሚሄድ ሰው እንዴት 18 ይሆናል? ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የጠበቅኩት፣ ሆቴል ደጃፍ ሞተር ሳላጠፋ የቆምኩት፣ ዲሲ መሀል ኬ ስትሪት ላይ የተንፏቀቅኩት ሁሉ ተቆጥሮ ነው። ያንኑ 7,416 ማይል በአማካይ 40 እየነዳ የሚጨርስ ሰው 185 ሰዓት ይበቃዋል። የኔ ሞተር ከእጥፍ በላይ ሠርቷል። ዘይቱ ያረጀው በሰዓቱ ልክ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን ማይሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት መኪና እኩል 60 ሺህ ማይል ነድተዋል ሲሏችሁ ይህን ገጽ ክፈቱና እዩ። ያገለገለ መኪና ስትገዙም እንዲሁ፤ ሻጩ ሪሴት ካላደረገው የአነዳዱን ታሪክ እዚያ ታነቡታላችሁ። ካደረገው ደግሞ እሱም አንድ መልስ ነው።

ወደ ነዳጅ ልመለስ። አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። መኪናችሁ ከተማ ውስጥ በጋሎን 10 ማይል እየሄደ 100 ማይል ነዳችሁ። ከዚያ ሀይዌይ ላይ በጋሎን 30 እየሄደ ሌላ 100 ማይል ነዳችሁ። አማካዩ ስንት ነው?

(ከአዳራሹ፦ «ሃያ!»)

ሃያ የሚመስለን ሁላችንም ነን። የመጀመሪያው መቶ ማይል 10 ጋሎን በላ፣ ሁለተኛው 3.3 ጋሎን። 200 ማይል በ13.3 ጋሎን፤ 15 ነው። ከተማው ሀይዌዩን ይጎትተዋል። ኮምፒውተሩ ይህን በትክክል ያውቃል፤ ተሳስቷል የምንለው እኛ ነን። አውሮፓውያን «በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር» የሚሉት ከዚህ ያድናቸዋል፤ የሚበላውን ነው የሚቆጥሩት። አገር ቤት «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ስንል ግን የአሜሪካኑን መንገድ ነው የያዝነው፣ ወጥመዱም ያው ነው። መለወጥ የፈለገ 235ን በጋሎኑ ማይል ያካፍል። በጋሎን 20 የሚሄድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 11.75 ሊትር ይበላል፤ በእኛ አነጋገር በሊትር 8.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ኮምፒውተሩ የበላውን የሚያውቀው ነዳጁን ሰፍሮ አይደለም። ነዳጅ ረጪዎቹ ስንት ጊዜና ለምን ያህል ቅጽበት እንደተከፈቱ ቆጥሮ ያሰላል። ስሌት ስለሆነ ይስታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው ደግሞ ለራሱ አድልቶ ነው። ማጣራት ቀላል ነው። ሙሉ ቅዱ፣ ሪሴት አድርጉ፣ ንዱ፣ በዚያው ማደያ እንደገና ሙሉ ቅዱ፣ ማይሉን በጋሎኑ አካፍሉ። እኔ አንድ ጊዜ ስሠራው መኪናው 22.4 አለ፤ 260 ማይል ሄጄ 12.4 ጋሎን ነበር የገባው፤ 21 እንኳ አልሞላም። ሰባት በመቶ ገደማ ነው ልዩነቱ። አንድ ጊዜ ካወቃችሁት ሁልጊዜ ቀንሳችሁ ታነባላችሁ፤ እንደሚያጋንን ጓደኛ።

የቅጽበቱን ፍጆታ የሚያሳየውን ለማየት ያህል እዩት እንጂ እየነዳችሁ አትከተሉት። አንድ ነገር ግን ያስተምራል። ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሡ፣ መኪናው በማርሽ ላይ እንዳለ፣ ረጪዎቹ ፈጽሞ ይዘጋሉ፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። አገር ቤት በቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ብለን ዜሮ ማርሽ እናደርግ የነበረው በዛሬው መኪና ተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው። ዜሮ ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል፤ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል።

ግምቱ ላይ ደረስን። «ሬንጅ» የሚለው ቁጥር፣ የኔ ጉድ የጀመረበት። መኪናው ሁለት ነገር ያባዛል፤ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ነዳጅና ከጥቂት ጊዜ ወዲህ የነዳችሁበትን ፍጆታ። የመጀመሪያውን የሚነግረው ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ነው፤ ዳገት ላይ ሲያዘነብል፣ ኩርባ ላይ ሲዋዥቅ ኮምፒውተሩ እያለሰለሰ ያነበዋል። ሁለተኛው ትናንት ነው። 5 ጋሎን ቢቀራችሁና ስትነዱ የቆያችሁት ሀይዌይ ላይ በጋሎን 25 ከሆነ 125 ማይል ይላችኋል። ያው 5 ጋሎን፣ በጋሎን 15 ከተማ ውስጥ ስትንፏቀቁ፣ 75 ነው። ነዳጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ትዝታው ነው። በዚያ የኦገስት ቀን መኪናው ያለፈውን ሀይዌይ ይዞ ስለሚመጣው መንገድ ነገረኝ፤ ከፊት አደጋ እንዳለ ከየት ያውቃል?

ሲጨንቀው ደግሞ ሐቀኛ ይሆናል። መርሴዲሱ ነዳጁ በጣም ሲያንስ ቁጥሩን ያነሣና ያችን የምትቀዳ የመኪና ሥዕል ያመጣል። ከዚህ በኋላ መገመት አልፈልግም ማለቱ ነው። እኔ የራሴ ደንብ ሩብ ታንክ ነው፤ ከሩብ በታች ሰው አላሳፍርም። የነዳጅ ፓምፑም ታንኩ ውስጥ በነዳጁ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ሁልጊዜ ባዶ አፋፍ ላይ መንዳት አይወድም።

ኤሌክትሪክ የገባችሁም አላችሁ። ቴስላ ላይ ከባትሪው ጎን ያለው የማይል ቁጥር የሚሰላው በመንግሥት ፈተና ከወጣው ፍጆታ ነው፤ የእናንተን አነዳድ አይጠይቅም። አነዳዳችሁን የሚጠይቀው የኢነርጂው ግራፍ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ብትውሉ ይሻላል፤ በተለይ በክረምት።

መብራቶቹን በአጭሩ። ቀይ ከሆነ በሰላም ዳር ያዙ፤ ቢጫ ከሆነ ሥራችሁን ጨርሳችሁ አሳዩት። አንድ ቢጫ ግን እንደ ቀይ ነው የሚቆጠረው፤ ቼክ ኤንጂን የሚባለው የሞተር ማስጠንቀቂያ የሚያብለጨልጭ ከሆነ። ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማጣሪያው (ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ) እየገባ ያቃጥለዋልና እግራችሁን አንሡ። ሳያብለጨልጭ የበራ እንደሆነ አንዳንዴ የላላ የነዳጅ ክዳን ብቻ ነው። ሌላው፣ የሚመጣውን መልእክት «ኦኬ» ብላችሁ ስታሳልፉት አይጠፋም፤ «ሰርቪስ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል። ሞተሩን ስታጠፉ ግን አብዛኛው ይሰረዛል። መካኒክ ጋ ሄዳችሁ «አንድ ነገር ብሎኝ ነበር» ከምትሉ፣ ቆማችሁ ሳታጠፉ በስልክ ፎቶ አንሡት።

ጥያቄ ካለ እንቀበል።

(ጥያቄ፦ «የኔው ሁልጊዜ 19.4 ነው የሚለው። ሪችመንድ ደርሼ ብመለስም ያው፣ ቀኑን ሙሉ ከተማ ብውልም ያው። ተበላሽቶ ይሆን?»)

በመጨረሻ ሪሴት ያደረግሽው መቼ ነው? (ሳቅ) አላደረግሽውም። ሃምሳ ሺህ ማይል ያህል የተከመረበት አማካይ ነው። የአንድ ቀን መንገድ እሱ ላይ ሲጨመር ጣና ላይ በጣሳ ውሃ እንደ መጨመር ነው። አልተበላሸም። በየወሩ መጀመሪያ ዜሮ አድርጊው፤ ከዚያ ይንቀሳቀሳል።

(ጥያቄ፣ ከኋላ ከተቀመጡ አባት፦ «ልጄ፣ እኔ ያን ቁልፍ ነክቼው የማላውቀው የመኪናው ማይል አብሮ ይጠፋል ብዬ ነው። በኋላ ስሸጠው ሌባ ይሉኛል።»)

ጋሼ፣ ይህን ስለጠየቁ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን የፈሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ዋናው የማይል ቆጣሪ ሌላ ነው። እሱ በምንም ቁልፍ አይመለስም፤ መመለስም በዚህ አገር ከ1972 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሪሴት የሚያጠፋው የጉዞውን ማስታወሻ ብቻ ነው። «ትሪፕ» ውስጥ ይገባሉ፣ «ፍሮም ሪሴት» ላይ ይቆማሉ፣ «ኦኬ» ሲጫኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል፣ «የስ» ይላሉ።

(«ብቻዬን እፈራለሁ።»)

መኪናዎ ውጭ ናት? ቁልፉን ይያዙና እንውጣ። መምጣት የሚፈልግ ይምጣ፤ ጋሼ ግን ከመጥፋቱ በፊት አማካይ ፍጥነቱን እንዲያሳዩን ይፈቅዱልናል።